ክብርት ጠፈርተኛ ከስፌት ክፍል

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ዓለም የቆመችው በእሱ ሙያ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የቧንቧ ሠራተኛው ሥልጣኔ ማለት ፍሳሽ በሥርዓት ሲወርድ ነው ይላችኋል። ሾፌሩ ታላላቅ መንግሥታትን የጣላቸው መጥፎ መንገድ እንደሆነ ያስረዳችኋል፤ ካላቋረጣችሁት ደግሞ የወደቁበትን ኩርባ ሳይቀር ያሳያችኋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፀሐይን ራሷን በጥርጣሬ ነው የሚያያት። እንዲህ ያለውን ሰው ሰላም ብሎ ማለፍ እንጂ ቆሞ ማዋራት አያዋጣም። እኔ ግን ሥራዬ ሆኖ ቆሜ አዋራለሁ። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአስተዳደር ጸሐፊ ነኝ፤ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለጋዜጣ ይህችን ዓምድ እጽፋለሁ። በሁለቱም ሥራ ሰው ሲናገር ማቋረጥ አይቻልም።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ሙያውን እስከ ጨረቃ ድረስ ያደረሰ ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም የሆስፒታላችን የስፌት ክፍል ኃላፊ፣ ክብርት ጠፈርተኛ ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ለሹፈት። እሳቸው ግን የዘገየ የደረጃ ዕድገት እንደደረሰው ሰው "ጊዜው ነበር" ብለው ተቀበሉት። ክብርትነታቸው አጭር ናቸው። አንገታቸው ላይ መነጽር፣ የልብስ መለኪያ ሜትርና የስፌት ክፍሉ ቁልፍ አንድ ላይ ተንጠልጥለው ሲሄዱ ይንኳኳሉ። ከሰው ጋር ሲያወሩ የሚያዩት ዓይኑን ሳይሆን ትከሻውን ነው። ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል ያውቃሉ፤ ይህንንም ለሚያገኙት ሁሉ ከመንገር ቦዝነው አያውቁም። ግዛታቸው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለ ረጅም ክፍል ነው። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የስፌት መኪኖች ከጠዋት እስከ ማታ ይንጣጣሉ። እዚያ አንሶላ ይሰፋል፣ የሕፃናት ፒጃማ ይሰፋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪሞች ለቀዶ ጥገና የሚለብሱት አረንጓዴ ጋዋን ይሰፋል።

የክብርትነታቸው እምነት አጭር ነው፦ "ጨረቃ ላይ መጀመሪያ የደረሰው መርፌ ነው።" ይህን በሠራተኞች ምግብ ቤት፣ በተበላሸ ሊፍት ውስጥ፣ አንዴም በሰው የጡረታ ሽኝት ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጡረተኛው ከዚያ በኋላ ንግግር ለማድረግ ጊዜ አላገኘም።

አንድ ቀን የራጅ ባለሙያው ምሳ ላይ ሳያስበው ጉድ አፈላ። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ አዲስ ሮኬት ያወራል። "አሁን እነዚህ ሰዎች፣" አለ፣ "ምድር ላይ የሚበላው ያጣ ሰው እያለ፣ ጨረቃ ላይ ምን ጥለው ነው የሚመላለሱት?"

ጠረጴዛው ላይ የነበርን ሁሉ ሰሃኖቻችንን ወደ ራሳችን ሳብ አደረግን። ክብርት ጠፈርተኛ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"አንተ ልጅ፣ እሁድ ለት ኳስ አይተሃል?"

"አይቻለሁ እትዬ።"

"እሁድ የተራበ ሰው አልነበረም?"

"እሱማ ሌላ ነው..."

"ሌላ ነው አዎ። ኳሱን ያየኸው በሳተላይት ነው። ሳተላይቱን የሰቀሉልህ ሁለት የተናናቁ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሰቀለ፣ ሌላው እንቅልፍ አጣ። ግን እሱንም ተወው። ለአንተ ኳስ ብለው አልወጡም፤ እኔም ለኳስ ብዬ አልከራከርልህም።"

"ታዲያ ለምን ወጡ?"

"በእልህ ነዋ! እልህ ብርቅ ሆነብህ? እኔ በእልህ የሰፋሁትን ልብስ አምጣና ተርትረህ አሳየኝ።"

"እሺ ይሁን፤ ሮኬቱ ግን ትልቅ ሥራ ነው፣ መርፌን ምን..."

"ሮኬት እሳት ነው። እሳት ማንም ያነዳል። ሰውየው ከሮኬቱ ሲወርድ ምን ለብሶ ወረደ? እሱን ንገረኝ።"

የራጅ ባለሙያው ለሰው አጥንት እንጂ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ክፍሉ ውስጥ ይበላል።

የጠፈር ታሪክ በክብርትነታቸው አተራረክ የነገሥታትም የሊቃውንትም ታሪክ አይደለም፤ የልብስ ስፌት ታሪክ ነው። ሶቪየቶቹ ቀደሙ። መጀመሪያ ኳስ የምታክል ነገር ሰቀሉ፣ ቀጥለው ሰው ላኩ፣ ከዚያም አንዱን ጠፈርተኛ ከመንኮራኩር አውጥተው በባዶው ሰማይ አንሳፈፉት። "እዚህ ላይ ነው ነገሩ፣" ይላሉ ክብርትነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ዘመድ ሕመም እንደሚያወሩ። "ልብሱ ተነፋበት። አየር በሌለበት ቦታ ልብስ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። መመለሻው በር ጠበበው። ከልብሱ አየር አስተንፍሶ፣ ለጥቂት ነው የተረፈው።" ከዚያ ፈረዱ እንዳይባሉ ይቸኩላሉ። "አይፈረድባቸውም። ለባዶ ቦታ ማን ልብስ ሰፍቶ ያውቃል? ቀድሞ የሚሰፋ ሰው ቀድሞ ይሳሳታል።"

አሜሪካኖቹ ደግሞ ተናደዱ፣ ጨረቃን አሉ። ልብሱን ለማሠራት አወዳደሩ። ያሸነፈው የጡት ማስያዣና የወገብ ማጥበቂያ ሲሠራ ከነበረ ኩባንያ የወጣ ክፍል ነው። ክብርት ጠፈርተኛ ይህን ቃል በሙሉ ድምፅ ነው የሚናገሩት፤ ወንዶቹ ሁላችንም ሰሃናችን ውስጥ የወደቀብን ነገር ያለ ይመስል እናቀረቅራለን። "ምን ታፍራላችሁ? የሰው ገላ እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ማን ነው? መሐንዲሱማ ሰው ቱቦ ይመስለዋል። እነዚያ ሴቶች ሃያ አንድ ድርብ ጨርቅ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይስቱ ሰፉ። አንድ እስፒል ውስጡ ቢረሳ ሰው ይሞታል ተብሎ ልብሱ ራጅ ይነሣ ነበር። አንተ ራጅ፣ ትሰማለህ?" ይላሉ፣ እሱ ምሳውን ወደሚበላበት ክፍል አቅጣጫ ጮኸው።

በጣም የሚወዱት ምዕራፍ ግን የእርቁ ነው። ሁለቱ ኃያላን በመጨረሻ ሰማይ ላይ ተገናኝተን እንጨባበጥ ተባባሉ። መንኮራኩሮቹ መያያዝ አለባቸው። የድሮው ማያያዣ አንዱ የሚገባ፣ ሌላው የሚያስገባ ሆኖ ነው የተሠራው። "ሁለቱም ቁልፍ ካልሆንን አሉ!" ይላሉ ክብርትነታቸው ሳቃቸው እያቋረጣቸው። "የቁልፍ ቀዳዳ የሚሆን አገር ጠፋ! ያን ሁሉ ቦምብ ታቅፈው፣ ቀዳዳ መሆን አሳፈራቸው። በኋላ ሁለቱም ቁልፍም ቀዳዳም የሚሆኑበት ማያያዣ ተሠራ። እኔን ቢጠይቁኝ በአንድ ከሰዓት እጨርስላቸው ነበር።"

ይህን ሁሉ ከየት አመጡት ብላችሁ እንደሆነ፣ ከአንድ የመጽሔት ገጽ ነው። ወጣት ሳሉ ሁለቱም ኃያላን በከተማው ንባብ ቤት ከፍተው የየራሳቸውን ገድል የሚተርክ መጽሔት በነፃ ያድሉ ነበር። ክብርትነታቸው ከሁለቱም ይወስዳሉ፤ ወረቀቱ ለልብስ ቅድ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን የእጅጌ ቅድ ሊያወጡ መቀስ ሲያነሱ፣ ገጹ ላይ የስፌት መኪና አዩ። ጎንበስ ያለች ሴት፣ መነጽር ያደረገች፣ ከመርፌው ሥር የነጭ ልብስ እጅጌ ይዛ። መቀሱን መለሱት። ያ ገጽ ዛሬ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ልብሱን የለበሰው ሰው ስም አለ። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ስም አለ። ሴትዮዋና ከኋላዋ የሚታዩት ጓደኞቿ "የፋብሪካው ሠራተኞች" ተብለዋል።

እንግዲህ ፉክክርን እንዲህ የሚወድ ሰው ክፍሉን እንዴት እንደሚያስተዳድር መገመት አይከብድም። ክብርት ጠፈርተኛ የስፌት ክፍሉን ለሁለት ከፍለውታል፦ የመስኮት ወገንና የግድግዳ ወገን። የመስኮት ወገን በሰማያዊ ጠመኔ ያሰምራል፣ የግድግዳ ወገን በቀይ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ከማጠቢያ ተተርትሮ የተመለሰ ልብስ ሁሉ እሱን በሰፋው ወገን ስም ይመዘገባል። መቀስ መዋዋስ እንደ ስለላ ይታያል። አንዴ የመስኮት ወገን አንዲት ሴት ውኃ ልትጠጣ ነው ብላ በግድግዳ ወገን ጠረጴዛ በኩል ስትዞር ተይዛ፣ ለሁለት ሳምንት ያናገራት አልነበረም። "ባላንጣ የሌላት ሰፊ አምጡልኝ፣" ይላሉ ክብርትነታቸው፣ "ስፌቷን በጥርሴ ፈትቼ አሳያችኋለሁ።"

ይህ የቀዝቃዛው ጦርነት አስተዳደር ግን አንድ ጊዜ በራሳቸው ላይ ፈነዳ። ጎብኚዎች ሊመጡ ነውና አርባ አዲስ ጋዋን እስከ ዓርብ ይድረስ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ገላውን ለመስኮት ወገን፣ እጅጌውን ለግድግዳ ወገን ሰጡ፤ ልኩንም በወረቀት አደሉ። የመስኮት ወገን ግን ባላንጣዎቹን ለማስቀናት፣ ሐኪሙ እንደልቡ ይንቀሳቀስ ብለው የእጅጌ መግቢያውን በድብቅ ሰፋ አደረጉት። የግድግዳ ወገን በበኩላቸው እጅጌው አጉል አይንጠልጠል ብለው በድብቅ ጠበብ አደረጉት። ሐሙስ ጠዋት ገላና እጅጌ ተገናኙ። በመካከላቸው ሦስት ጣት ያስገባል።

ለአንዳች ጉዳይ ወርጄ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሰማንያ እጅጌ ቤት አጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አንዷ "እናንተ ናችሁ" አለች። ሌላዋ "እኛ? እናንተ!" አለች። ክብርት ጠፈርተኛ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ክፍተቱን በሜትር ለኩ፣ ደግመው ለኩ። ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ሁለታችሁም ቁልፍ ሆናችሁብኝ!" አሉ። "በሉ ሁለቱን ጠረጴዛ ወደ መሃል። ከመስኮት አንዲት፣ ከግድግዳ አንዲት፣ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተቀመጡ። ብብቱ ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባበታል። ሰማንያ ቁራጭ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ቅዳሜ እንሰማለን።"

ዓርብ ረፋድ ላይ አርባው ጋዋን ተተኩሶ ወጣ። በቀጣዩ ሰኞ፣ በሆስፒታሉ በቁጣ የታወቁት የቀዶ ጥገና ሐኪም በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሁሉም ሊሰደብ ነው ብሎ ተነሣ።

"ይህን ማን ሰፋው?" አሉ።

"ምን ሆነ?" አሉ ክብርትነታቸው፣ ወገባቸውን ይዘው።

"እጄን ሳነሣ ልብሱ አብሮኝ አልተነሣም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳነሣ አብሮኝ ሲነሣ ነው የኖረው።"

"ሃያ ዓመት ያሰብንበት ነገር ነው ጌታዬ፣" አሉ ክብርት ጠፈርተኛ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ከኋላቸው የቆሙት ሴቶች አንዳቸውም አልሳቁም። እንዲህ ያለ ሥርዓት በጦር ሠራዊትም አይገኝ።

እስከዚህ ድረስ ያወራሁላችሁ ስቄ የማወራውን ነው። አሁን የማላወራውን ላውራ።

ባለፈው ዓመት አስተዳደሩ አንዴ ተለብሶ የሚጣል ጋዋን ከውጭ ለማስመጣትና የስፌት ክፍሉን ለመዝጋት አሰበ። ነገሩ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የሚጣል ልብስ አይታጠብም፣ አይጠገንም፣ በሽተኛ በበዛ ቀን ማጠቢያው እስኪያደርስ አይጠበቅም። ሰፊዎቹ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ፤ ቦታ ላልተገኘላቸው "አማራጭ ይፈለጋል" ተባለ፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል። የውሳኔ ሐሳቡን የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ፣ ንጹሕ፣ የተስተካከለ። "ክፍሉ የሚሰጠው ጥቅም ከዘመኑ ጋር የማይራመድ በመሆኑ" የምትለውን ሐረግ ጽፌ ስጨርስ በራሴ ተደስቼ ወንበሬ ላይ ደገፍ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ክብርት ጠፈርተኛ ቢሮዬ ገቡ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነበር። ሲቆጡ የማውቃቸው ሰው፣ አልተቆጡም። ትከሻዬንም አላዩም፤ ዓይኔን ነው ያዩት።

"የጻፍከው አንተ ነህ አሉ።"

"ታዝዤ ነው እትዬ።"

"መታዘዝህንማ አየሁት። እጅህ ጥሩ ነው፤ ስፌቱ አንድም ቦታ አልሰበሰበብህም።" ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፉት። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንት ነን?"

"እ?"

"እኛ። ምድር ቤት ያለነው። ስንት ነን?"

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። አሥራ አምስት ዓመት በዚያ በር አልፌያለሁ፤ ቁጥሩን አላውቅም።

"የስፌት ክፍል ሠራተኞች ትላለህ። ዘጠኝ ጊዜ። ቆጥሬዋለሁ።" ጣታቸውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው አሳለፉ። "ያም መጽሔት እንዲሁ ነው ያለው። የእነሱን ስም የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ስፌታቸው ግን ጨረቃን ረግጦ ተመልሷል። እኛ አሥራ አንድ ነን። አምስት በመስኮት፣ አምስት በግድግዳ፣ አንድ እኔ። ልትዘጋን ከሆነ ቆጥረህ ዝጋን።"

ወጡ። በሩንም በዝግታ ነው የዘጉት። ቢያጮሁት ይሻለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ስብሰባው በሳምንቱ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ በዕድሜ የክብርትነታቸው ልጅ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ጨዋ ሰው። ዋና ነርሷ ነበሩ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር፣ የሚጣለውን ጋዋን የሚያቀርበው ድርጅት ወኪልም ናሙናውን በላስቲክ ይዞ ተገኝቷል። እኔ በዳር፣ ብዕሬን ይዤ።

"እትዬ፣" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ "ሁላችንም እናከብርዎታለን። ጊዜ እንዳንወስድ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩን፤ ይህ ክፍል ዛሬ ምን ይጠቅማል?"

ሁላችንም ወንበራችን ላይ ተመቻቸን። ጨረቃ ልትመጣ ነው ብለን ነበር። ክብርት ጠፈርተኛ ግን ብድግ አሉና ናሙናውን ከላስቲኩ አወጡት።

"ይልበሱት።"

"እኔ?"

"እርስዎ። ኮትዎን ያውልቁና ይልበሱት። በሽተኛ ፊትዎ ተኝቷል፤ እጅዎን ያንሡ።"

ሥራ አስኪያጁ ሊስቁ ፈልገው ነበር፣ ግን ለበሱት። እጃቸውን ሲያነሱ ልብሱ እስከ ቀበቷቸው ተከተላቸው። ጥቂት ሲጨምሩ ብብቱ ሥር "ጨርጨር" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዋና ነርሷ መስኮት መስኮቱን አዩ። ከዚያ አረንጓዴው ጋዋን መጣ። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሱ፣ ልብሱ ባለበት ቀረ፤ ደግመው አነሱ፤ እንደተማረከ ወታደር እጃቸውን ሰቅለው ትንሽ ቆዩ።

"ይህ መጠኑ ስለጠበበ ነው፣ ከፍ ያለ ቁጥር አለን፣" አለ ወኪሉ። እውነቱን ነበር።

"እትዬ፣ ጥሩ ነው፤" አሉ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን እያወረዱ። "ግን ዓለም ሁሉ ወደዚህ እየሄደ ነው።"

"ዓለም ሁሉ!" አሉ ክብርትነታቸው። እንግዲህ ጨረቃ መጣች። "ዓለም ሁሉ እኮ ሰው ጨረቃ ላይ አይደርስም ብሎ ነበር። የሚሄዱትን ምን ይጠቅማል ሲላቸው ነበር። እሱን ቁጭ ብሎ የጠየቀ ሰው ስም የት አለ? ምን ይጠቅማል ይሉኛል! ሆዱ ተከፍቶ የተኛ ሰው አለ፤ ከላዩ የቆመው ሐኪም እጁን ሲያነሣ ልብሱ እንዳይዘው አድርገን ሰፍተናል። ማንም አልጠየቀንም፤ በእልህ ነው ያደረግነው፤ ተሳስተን ነው ያገኘነው። ልብሳችሁ ያሸንፈን እንደሆነ ያሸንፈን፤ በወረቀት ግን አልሸነፍም። አልዘጋም። ቁልፉን የፈለገ መጥቶ ከአንገቴ ያውልቅ።"

የመጣ የለም። ወኪሉ ናሙናውን ሲያጥፍ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጫማውን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው እንደመሆናቸው መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። "እንግዲያው ስድስት ወር እንሞክረው፣" አሉ። "በአንደኛው የቀዶ ጥገና ክፍል የሚጣለው ይለበስ፣ በሁለተኛው የእናንተ። የተቀደደው፣ የዘገየው፣ ሐኪሞች ያሉት ሁሉ ይመዝገብ። ከዚያ የሚቀረው ይቀራል።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፤ አሮጊቷን ከፋብሪካ ጋር ማጋጠም ጭካኔ መስሏቸዋል።

ክብርት ጠፈርተኛን ግን ማየት ነበረባችሁ። ፊታቸው በራ። "እውነተኛ ባላንጣ?" አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባላንጣ ሲያጡ በገዛ ክፍላቸው ውስጥ ሲፈጥሩ የኖሩ ሴት፣ ይኸው ከውጭ በመርከብ ሊመጣላቸው ነው። ጠረጴዛውን ዞረው የወኪሉን እጅ ጨበጡ። ሲጨብጡም በግራ እጃቸው የኮቱን እጅጌ ዳሰስ አደረጉ። "ኮትህ ክንድህ ላይ ይዞሃል፣" አሉት። "ብቅ በል፣ እንፈታልሃለን።" ሰውየው እስከ ዛሬ ምን እንደነካው የገባው አይመስለኝም፤ ኮቱን ግን አምጥቶ አስፈትቷል።

በዚያኑ ከሰዓት ስወርድ የመስኮትና የግድግዳ ወገን የሚባል ነገር የለም። መኪኖቹ አንድ ላይ ተገፍተዋል፣ ሰማያዊና ቀይ ጠመኔ በአንድ ጣሳ ተቀምጧል። አሥራ አንዱም ቀና ብለው አዩኝ። እኔም በተራዬ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ስማቸውን ጠየቅሁ፣ ጻፍኩ። ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዤ ለሥራ አስኪያጁ ላክሁ። "ስም ዝርዝር አያስፈልግም" ተብሎ ተመለሰ። እንዳለ መልሼ ላክሁት። ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ስልችት ብሏቸው ፈረሙ። አሁን በሆስፒታሉ መዝገብ ውስጥ አሥራ አንድ ስም፣ እያንዳንዱ ከነአባቱ፣ ማኅተም አርፎበት ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ሙከራው በአራተኛው ወሩ ላይ እያለ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። ወኪሉ ሰፋ ያለ ቁጥር አስመጥቷል፤ ክብርትነታቸው ደግሞ የአንገቱን ማሰሪያ ቀይረው "አሁን ይምጣ" ብለዋል። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ጨረቃ ጉዞ "የሰው ገንዘብ ማቃጠል" ብሎ ሲያወራ ሰምቼ፣ ሳላስበው ዞር ብዬ "ልብሱን የሰፋው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?" ስል ራሴን አገኘሁት። ሰውየው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደ። ፌርማታው የእሱ አይመስለኝም።

የሙከራውን ውጤት የሚመዘግበው ሰው የአስተዳደሩ ጸሐፊ ይሁን ተብሎ በደብዳቤ ተመድቤያለሁ። መዝገቡ ላይ የተቀደደውን ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስገባለሁ፤ ይህን ባላደርግ በመጀመሪያ የሚያዋርዱኝ ክብርትነታቸው ራሳቸው ናቸው። ደብዳቤው ግን በመጨረሻው መስመር፣ መዝጋቢው በዚህ ጉዳይ ላይ በልቡም ቢሆን ለማንም እንዳያዳላ ያዝዛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አዳላለሁ።